ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ጽጌረዳ ይዞ መብረር ይቻላል?

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ። መስከረም 12 ማታ ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን እበራለሁ። እናቴ የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከሄደች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ መስቀልን አብሬያት ላሳልፍ ነው። 60 ቀይ ጽጌረዳና አንድ እቅፍ አደይ አበባ ልወስድላት አስቤያለሁ። አንዱ ‹አውሮፕላን ላይ አያስገቡሽም› ይለኛል። ሌላው ‹አሜሪካ ስትደርሺ ይቀጡሻል› ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ሻንጣ ውስጥ ደብቀሽ አስገቢው› አለችኝ። እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ። ደግሞስ ሳይጠወልግ ይደርሳል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጽጌረዳውን ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ። 60 ግን አይሆንም፤ 20 ይበቃሻል። አደዩን በእቅፍ አትያዢው። ለእሱ ሌላ ዘዴ አለኝ፣ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ። የጓደኛሽን ምክር አሁኑኑ እርሺው።

እኔ ሆለታ አካባቢ አንድ የአበባ እርሻ ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ከግሪንሀውስ ተቆርጦ የመጣውን ጽጌረዳ መቀበል፣ ውሃ ማጠጣት፣ ማቀዝቀዝ፣ መምረጥና አስሮ ካርቶን ውስጥ መክተት ነበር። እኛ የከተትነው አበባ በማግስቱ አውሮፓ ነው። እና ያንቺን ጥያቄ ሳነብ መጀመሪያ የታየኝ ሕጉ አልነበረም፤ አበባው መቼ እንደሚቆረጥና መቼ ውሃ እንደሚጠጣ ነው ያሰብኩት። ሰው ሁሉ የሚፈራው አውሮፕላኑን ነው። ጽጌረዳ ግን በደንብ ጠጥቶ ከተነሳና ቀዝቀዝ ካለ፣ ያለ ውሃ ሁለት ሦስት ቀን ይችላል። ሆላንድ ጨረታ ላይ የሚሸጠው ጽጌረዳችን ብዙው በደረቅ ካርቶን ነው የሚጓዘው።

እንግዲህ ከግዢው እንጀምር። በረራሽ መስከረም 12 ማታ ከሆነ አበባውን መስከረም 11 ጠዋት ግዢ። ከዚያ በፊት አትግዢ። በረራው ቀን ላይም አትግዢ፤ የሚጠጣበት ጊዜ አይኖረውም። ሻጩን «መቼ ተቆረጠ?» ብለሽ ጠይቂው። የተቻለሽን ያህል እምቡጡን ምረጪ። ጭንቅላቱን በሁለት ጣትሽ ቀስ አድርገሽ ጫን በዪው። ጠጠር ካለ ጥሩ ነው። እንደ ስፖንጅ ከተለመጠ አሮጌ ነው፤ ተይው። ከውጭ ያሉት ሁለት ሦስት የአበባው ቅጠሎች ብቻ መላቀቅ የጀመሩት ነው የሚፈለገው። አሁን ፈክቶ የሚያምርሽ አበባ ዋሽንግተን ሲደርስ ያልፍበታል።

ምርጫ ካለሽ የደጋ ጽጌረዳ ይሻልሻል። ሆለታ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። ሌሊቱ ይበርዳል፣ አበባው ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ጭንቅላቱም ይተልቃል። የዝዋይ ጽጌረዳ ከሆለታ ዝቅ ብሎ ሞቅ በሚለው በሐይቁ ዳር ስለሚበቅል ቶሎ ይደርሳል፣ ጭንቅላቱም አነስ ይላል። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ለእናት የሚሰጥ ከሆነ ግን እኔ ትልቁን እመርጣለሁ።

ቤት እንደደረሰ ምን ታደርጊያለሽ? ባልዲ በበረኪና እጠቢና በደንብ አለቅልቂ። ንጹሕ ውሃ ሙዪበት። ከዘንጉ (እርሻ ላይ ስቴም የምንለው ነው) በታች በኩል ያለውን ቅጠልና እሾህ አንሺ። ውሃ ውስጥ የሚገባ ቅጠል ይበሰብሳል። ከዚያ የእያንዳንዱን ዘንግ ጫፍ ሁለት ሴንቲ ያህል በስለታም ቢላ ሰያፍ አድርገሽ ቁረጪ፤ ቆርጠሽ ወዲያው ውሃ ውስጥ ክተቺው። ይቺን ነገር ብዙ ሰው ይንቃታል። ዘንጉ ውስጥ ቀጫጭን የውሃ መተላለፊያዎች አሉ። አበባው ተቆርጦ ደረቅ ሲቆይ እነዚህ መተላለፊያዎች አየር ይስባሉ። አየሩ እንደ ቡሽ ይወተፋቸዋል። ከዚያ በኋላ ባሕር ውስጥ ብትከቺውም ውሃው ጭንቅላቱ ጋ አይደርስም። ጭንቅላቱ ከአንገቱ ላይ እጥፍ ይላል። እኛ «አንገቱን ደፋ» እንላለን። ጽጌረዳው ያላረጀ፣ ቅጠሉም ያልረገፈ ሊሆን ይችላል፤ በጥም ነው አንገቱን የደፋው።

ባልዲውን በቤትሽ ካለው ቦታ ሁሉ ቀዝቃዛና ጨለማ የሆነው ጋ አስቀምጪው። የመስከረም የአዲስ አበባ ሌሊት ለዚህ እንደ ኮልድ ሩም (የእርሻው ማቀዝቀዣ ክፍል) ነው። በረንዳ ካለሽ ማታ በረንዳ ላይ አሳድሪው፤ ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ አስገቢው። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቢ። በተለይ ሙዝ፣ ማንጎ ወይም አቮካዶ ያለበት ፍሪጅ ውስጥ። የሚበስል ፍራፍሬ ኢትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። አበባ ይህን ጋዝ ሲያገኝ ቶሎ ያረጃል። ለእናትሽ አቮካዶም ይዘሽ ልትሄጂ አስበሽ ከነበር ተይው፤ ለአበባውም አይበጅም፣ አሜሪካም በር ላይ ያጣላሻል።

አሁን ወደ ማሸጉ። አውቃለሁ፣ ሰው አበባ ሲያሽግ መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ፌስታል ላይ ነው። እኔም ባለሙያ ነኝ እያልኩ ተሳስቻለሁ። የእህቴ ልጅ ድሬዳዋ ስታገባ 80 ነጭ ጽጌረዳ ይዤ ሄድኩ። ከኮልድ ሩም አውጥቼ፣ እንዳይደርቅ ብዬ በትልቅ ፌስታል ጠቅልዬ አሰርኩት። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከአውሮፕላን ስወርድ የድሬዳዋ ሙቀት ተቀበለኝ። ቀዝቃዛው አበባ ሞቃት አየር ሲያገኝ ፌስታሉ ውስጥ ላብ አላበው። ጠብታው በአበባው ቅጠል ሁሉ ላይ ነበር። ማታ ምንም አይመስልም። ጠዋት ስናየው ነጩ ቅጠል ላይ የሻይ ጠብታ የመሰለ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቶበታል። ቦትራይቲስ ይባላል፤ ሻጋታ ነው። ከሰዓት በኋላ ግራጫ ጸጉር አበቀለ። የሙሽራዋ መኪና በወረቀት አበባ ነው የተሸለመው። እስካሁን ያን ቀን ሳስበው ሆዴ ይባባል።

ስለዚህ አበባውን ደረቅ አድርገሽ አሽጊው። የሚረጥበው የዘንጉ ጫፍ ብቻ ነው። መስከረም 12 ከሰዓት በኋላ ከባልዲው አውጪው። ከጫፉ ቆርጠሽ ርዝመቱን 45 ሴንቲ አድርጊው። ጫፉን በረጠበና በተጨመቀ ሶፍት ጠቅልይ፤ በላዩ ላይ ትንሽ ፌስታል አድርገሽ በላስቲክ እሰሪው። ፌስታሉ ጫፉን ብቻ ይሸፍን። ጭንቅላቶቹን በደረቅ ጋዜጣ ሸብ አድርጊ። ከዚያ ካርቶን ውስጥ አስተኚው፤ ካርቶኑን በጎንና በጎን ሁለት ሦስት ቦታ ብሺው። አበባ ይተነፍሳል፣ ሲተነፍስም ሙቀት ያወጣል። የታፈነ ካርቶን በራሱ ይሞቃል።

60 አይሆንም ያልኩሽ እዚህ ጋ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 55 በ40 በ23 ሴንቲ፣ 7 ኪሎ ነው። ክብደቱ አያስቸግርሽም፤ 20 ጽጌረዳ አንድ ኪሎም አይሞላም። ቦታው ነው የሚያንሰው። እርሻ ላይ አንዱን እስር 20 ዘንግ የምናደርገው በደንብ አስተያይተን ነው፤ ጭንቅላት ጭንቅላትን ሳይጫን ይቀመጣል። 60ውን ብታጭቂው የመሃሎቹ ይላላጣሉ። በዚያ ላይ 60 አበባ የያዘ ሰው ነጋዴ ይመስላል፣ ጥያቄም ይበዛበታል። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥም አትክተቺው። ሻንጣ ይወረወራል፣ ይደራረባል፣ አስፋልት ላይ ፀሐይ ይመታዋል።

ቦሌ ፍተሻ ላይ አበባ አይከለከልም። የሚከለከለው ውሃው ነው። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አያሳልፉም፤ ስለዚህ በውሃ የተሞላ ጠርሙስም ሆነ ብልቃጥ አትያዢ። የረጠበ ሶፍት ችግር የለውም። አንዳንዱ ሰው ለማቀዝቀዣ የሚሆን የጄል ከረጢት ይጨምራል። እሱ እየቀለጠ ከሆነ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል። ዝም ብለሽ ተይው። ኤክስሬዩ ለአበባው ምንም አያደርገውም።

አውሮፕላኑ ውስጥ ዋናው ጠላት ድርቀት ነው። የጢያራ ውስጥ አየር እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። አንቺም ከንፈርሽ ሲደርቅ ይታወቅሻል። ካርቶኑን ከፊትሽ ባለው ወንበር ስር አስገቢው። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ካደረግሽው ሌላው ሰው መጥቶ ሻንጣውን ይጭንበታል። ደግሞ በየሰዓቱ እያወጣሽ አትዪው። መንገዱ ረጅም ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ነዳጅና ጭነት ሞልቶ ለመነሳት ይከብደዋል። ለዚህ ነው ወደ ዋሽንግተን ስትሄጂ መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ የሚሞላው። አውሮፕላኑ ሲቆም አንድ ጊዜ ካርቶኑን ከፈት አድርጊና ሶፍቱን ነካ ነካ አድርጊው። ከደረቀ ከምትጠጪው ውሃ ትንሽ ጠብ አድርጊበት። ከዚያ በላይ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ እንምጣ። አሜሪካ ስትደርሺ።

ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስትወርጂ ጉምሩክ ላይ ተክል፣ ፍራፍሬ፣ ዘር፣ ምግብ ይዘሽ እንደሆነ ትጠየቂያለሽ። በወረቀትም ይሁን በቃል መልስሽ «አዎ» ነው። «ፍሬሽ ከት ሮዝስ» በያቸው፣ ከኢትዮጵያ መሆኑንም ንገሪያቸው። አሜሪካ ውስጥ ብዙው ተቆርጦ የመጣ አበባ ይፈቀዳል፤ ግን መናገርና ማስመርመር ግዴታ ነው። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የግብርና ተቆጣጣሪው ነው። ተናግረሽ አበባው ላይ ነፍሳት ቢገኝ አበባውን ይወስዱብሻል፤ ያሳዝናል፣ ግን አትቀጪም። ደብቀሽ ከተገኘብሽ ግን ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን ቅጣቱ እስከ 1,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ሻንጣ መረከቢያው ጋ ደግሞ ቢግል የሚባሉ ትንንሽ ውሾች ይዞራሉ። ሥራቸው ይሄው ነው። ሻንጣሽ አጠገብ መጥቶ ቁጭ ካለ አለቀ። የአንቺ አበባ የሚደበቅ ነገር አይደለም እኮ፤ ስጦታ ነው። ለምን እንደ ኮንትሮባንድ ትይዥዋለሽ?

ተቆጣጣሪው ምን እንደሚያደርግ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም አንቺም ቤትሽ ሆነሽ ልታደርጊው ትችያለሽ። ነጭ ወረቀት ያነጥፋል። እስሩን ገልብጦ ይይዝና ወረቀቱ ላይ ጠበቅ ጠበቅ አድርጎ ያራግፈዋል። ከዚያ በማጉያ መነጽር ያያል። ወረቀቱ ላይ የቁራጭ ክር የምታህል፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ነገር ከተንቀሳቀሰች ትሪፕስ የምትባል ተባይ ናት። እርሻ ላይ ስንት ዓመት ከእሷ ጋር ታግለናል። አንቺም መስከረም 11 ቀን፣ ባልዲ ውስጥ ከመክተትሽ በፊት፣ እያንዳንዱን ዘንግ ነጭ ወረቀት ላይ አራግፊው። የምትንቀሳቀስ ነገር ያየሽበትን ዘንግ አውጪው። እምቡጡ ላይ ትንሽ ቀዳዳና ቡናማ ዱቄት የመሰለ ነገር ካየሽ እሱንም ጣይው፤ ውስጡ የእሳት እራት እጭ ሊኖር ይችላል። የቅጠሉንም ጀርባ እዪ። ለዚህ ነው 20 ለመያዝ 25 ግዢ የምልሽ።

ምናልባት ሌላ ጊዜ ወደ አውሮፓ ትሄጂ ይሆናል። እዚያ ነገሩ ሌላ ነው፣ ሰውም ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚገባ መንገደኛ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 14 ቀን 2019 ጀምሮ አንድ ጽጌረዳ እንኳ የእፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይፈልጋል። ነፃ የሆኑት አምስት ፍራፍሬዎች ብቻ ናቸው፤ አናናስ፣ ኮኮናት፣ ዱሪያን፣ ሙዝና ቴምር። ከ2025 ወዲህ ደግሞ ያቺን የእሳት እራት ፈርተው ከአፍሪካ በሚመጣ ጽጌረዳ ላይ ይበልጥ አጥብቀዋል። የእርሻ ሰው ሁሉ ኤፍ ሲ ኤም ብሎ ያውቃታል፤ ስንት ጭነት አስጥላብናለች። እኛ አገር ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። በአውሮፓ በኩል ወደ አሜሪካ የምታልፊና ከአውሮፕላን ማረፊያው የማትወጪ ከሆነ ይህ አይመለከትሽም። የአሜሪካው ጉምሩክ ግን የሚጠብቅሽ መጀመሪያ በረገጥሽው ከተማ ነው፣ የመጨረሻ መድረሻሽ ላይ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ለእናት ሲኬድ ሻንጣው ውስጥ ምን ምን እንደሚገባ አውቃለሁ። እርጥብ ጤና አዳም አትያዢ። ጤና አዳም የሎሚ ዘመድ ነው፤ አሜሪካኖች ደግሞ ፍሎሪዳና ካሊፎርኒያ ባለው ብርቱካናቸው ላይ በመጣ በሽታ የተነሳ የሎሚ ዘመድ ቅጠል ሲያዩ ዝም አይሉም። እርጥብ ቄጠማም ከነሥሩ ከተነቀለ አፈር ይይዛል። አፈር የያዘ ተክል አይገባም። የጽጌረዳ ችግኝም እንዲሁ፤ የሚተከል ነገር ሕጉ ሌላ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ስትደርሺ መጀመሪያ እናትሽን እቀፊ፤ አበባው ሩብ ሰዓት ይጠብቃል። ከዚያ ዘንጉን እንደገና ሁለት ሴንቲ ሰያፍ አድርገሽ ቁረጪ። ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ክተቺው። አንገቱን የደፋ ካለ አትደንግጪ። ጋዜጣውን እስከ ጭንቅላቱ ድረስ ጠበቅ አድርገሽ ጠቅልይው፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆም። እንደዚያው ውሃ ውስጥ ሦስት አራት ሰዓት አቆዪው። ብዙው ቀና ይላል። ውሃው ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ በረኪና ጨምሪ፣ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። በየሁለት ቀኑ ውሃውን ቀይሪ። ከራዲያተርና ከፍራፍሬ ሳህን አርቂው። ይህን ካደረግሽ መስከረም 17 ለመስቀል ቀን ጽጌረዳው ገና መፍካቱ ነው።

አደዩስ? አደይ የዱር አበባ ነው። ተቆርጦ ያለ ውሃ ቶሎ ይጠወልጋል፣ ይህን ረጅም መንገድ የሚችል ነገር አይደለም። ከሜዳ ስለሚመጣ ነፍሳት አያጣም። ዘርም ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ተቆጣጣሪ ደግሞ ይህን አይወድም። ግን እናትሽ ዘጠኝ መስከረም ያለ አደይ እንዳለፈባት ሳስብ ባዶ እጅሽን ሂጂ ልልሽ አልቻልኩም። እንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1፣ ልጆቹ እቅፍ ይዘው ሲመጡ ግዢያቸው። በዚያው ቀን፣ ሳይጠወልግ፣ ዘር ያልያዙትን አዲስ የፈኩ አበቦች ብቻ ምረጪ። አራግፊያቸው። ዘንጉን ከጭንቅላቱ ስር ቁረጪው። በሁለት ሶፍት መካከል አድርገሽ፣ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ አስገቢና በላዩ ላይ ከባድ ነገር ጫኚበት። በማግስቱ ሶፍቱን ቀይሪው፣ በሦስተኛውም ቀን እንደዚሁ። ሶፍቱ ካልተቀየረ አበባው ይጠቁራል። እስከ መስከረም 12 ድረስ እንደ ወረቀት ይደርቅልሻል። ቢጫው ቀለም ብዙ አይደበዝዝም። የደረቀም ቢሆን ጉምሩክ ላይ ከጽጌረዳው ጋር አብረሽ ተናገሪ፣ አሳዪያቸውም። ፖስት ካርድ ላይ አስር አስራ ሁለቱን በጥቂት ሙጫ ለጥፈሽ ብትወስጂላት በፍሬም አድርጋ ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች።